ያልተሞላው ዓይን

ሰው ባጁን ከኮቱ ደረት ላይ ያደርጋል፤ እኔ የኔን ከገበሩ ነው የምሰካው። ከውጭ አይታይም፣ ስራመድ ግን ይወጋኛል። "አንተ እንኳን ለቀለም አልተፈጠርክም" ብሎ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ የሰደደኝ አስተማሪ እዚያ አለ። በሰርጌ ቀን ሙሽራው የአውቶቡስ ሾፌር መሆኑን ስትሰማ ብርጭቆዋን ያስቀመጠችው የባለቤቴ አክስት አለች። ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ስጨብጥ ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ የምስጋና ወረቀቴ ላይ የሌላ ሰው ስም የጻፈልኝ ጸሐፊም አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ደግሞ በተወጋሁበት ቀን ፀሐይ ይሁን ዝናብ እንደነበረ ጭምር ነው የማስታውሰው።

ከሁሉም የቆየው፣ ዝጎ ከጨርቁ ጋር የተጣበቀው ግን አባቴ የሰካብኝ ነበር። የሰካብኝም እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ ባጅ በሚሠራበት ጠረጴዛ ፊት ነው።

አባቴ የደረት ባጅ ሠሪ ነበር። ዛሬ በፕላስቲክ ታትሞ የሚለጠፈውን አይደለም የምለው። መዳብ ላይ መስታወት አቅልጦ የሚሠራውን ነው፤ ቢወድቅ የማይላጠውን፣ ባለቤቱ አርጅቶ ቢሞት እንኳ ቀለሙ የማያረጀውን። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረች፤ የኋላው መኝታችን፣ በመንገዱ በኩል ያለው ወርክሾፕ። በመሀል በር የለም፣ መጋረጃ ብቻ። ስለዚህ በሞረድ ድምፅ ተኝቼ በአሲድ ሽታ ነው የምነቃው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የአባቴ ሳል አለ፤ ለረጅም ጊዜ የሰው ሁሉ አባት ሲነቃ እንደዚያ የሚስል ይመስለኝ ነበር። እናቴን አላውቃትም። ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ናት። ዛሬም አለች፣ ያቆይልኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። አባቴ መጀመሪያ ሥዕሉን በብረት ላይ ገልብጦ ይቀርጻል፤ ግራው ቀኝ፣ ጉብታው ጉድጓድ ሆኖ። ያንን ብረት ከፕሬሱ ሥር አስገብቶ ስሱን መዳብ ሲጫነው ቤቱ በሙሉ "ድም" ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉ ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። መዳቡ ሲወጣ ሥዕሉ በቀጫጭን ግድግዳዎች ተከፋፍሎ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ተከራይ እንደሚጠብቅ ባዶ ቤት ነው። ተከራዮቹን የምታስገባው አክስቴ ናት። ባለ ቀለሙን መስታወት በሙቀጫ ታደቅቃለች፣ ታጥበዋለች፣ በውሃ ታረጥበዋለች፤ ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ እያነሳች ሰማያዊውን ከሰማያዊ ቤት፣ ነጩን ከነጭ ቤት ታሳድረዋለች። ሲደርቅ አባቴ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃው ይከተዋል፤ ዱቄቱ ቀልጦ መስታወት ይሆናል። ሲቀልጥ ይጎድላል፣ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና እሳት ይገባል። በመጨረሻም መስታወቱና የመዳቡ ግድግዳ እኩል እስኪሆኑ በውሃና በድንጋይ ይፈጫል፤ ከዚያ ወርቅ ይቀባል።

በድንጋይ የሚፈጨውን ሰው "ሞረዱ" ነበር የሚሉት። ሰው ስሙ ከሥራው የወጣ ይመስለዋል፤ የወጣው ግን ከምላሱ ነው። ያገኘውን ሁሉ ትንሽ ሳይፍቅ አይለቅም። አባቴን "ጋሼ" እያለ ያከብራል፣ እኔን "መሐንዲሱ" እያለ ያበሽቃል። በጠረጴዛው አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብሎ፣ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይላል። ምንም ባላቦካም ይላል።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ "እኔስ ምን ልሥራ?" እያልኩ አላስቀምጣቸውም። አባቴና አክስቴ አንድ ቀን በመጋረጃው ጀርባ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አባቴ ልጁ ከአሁኑ ይልመድ ይላል፤ አክስቴ እሷ በሕይወት እያለች እንደማይሆን ትምላለች። ከዚያ ሹክሹክታው የማይሰማ ሆነ። ከዚያ የአክስቴ ሳቅ፣ ከዚያም "እንደሱማ ከሆነ ይሁን" የሚል የአባቴ ድምፅ።

በማግስቱ የራሴ ብሩሽ፣ የራሴ ሳህን፣ የራሴ ብልቃጥ ተሰጠኝ። ሥራዬ ዓይን መሙላት ሆነ። የዋና ክበቡ ዓሣ፣ የኳስ ቡድኑ አውራ ዶሮ፣ ዓይን ያለው ሁሉ ወደኔ ይመጣል። የመርፌ ራስ በምታህል ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ጠብታ ጥቁር ማስቀመጥ ነው፤ እጅ ከተንቀጠቀጠ ዶሮው ያለቅሳል። የኔ ብልቃጥ ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያ ላይ አትቀመጥም፣ አክስቴ ከሽርጧ ኪስ ነበር የምታወጣልኝ። ጥቁሩ ውድ ስለሆነ መሰለኝ። የምቀመጠውም ከነሱ ርቄ፣ ከተከፈተው መስኮት ሥር ነው፤ ይህንንም የባለሙያ ክብር አድርጌ ያዝኩት። አክስቴ አፍንጫዋን በጨርቅ አስራ መስታወት መውቀጥ ስትጀምር ደግሞ ከቤት ታባርረኛለች፤ ምስጢሯን እንዳልሰርቅባት ነው ብዬ ወሰንኩ።

ስጨርስ ሳህኔን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ከራሷ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። በማግስቱ ዶሮዎቹ በጥቁር ዓይናቸው እያፈጠጡ ከምድጃ ይወጣሉ። አቤት የነበረኝ ኩራት። መንገድ ላይ የሰው ፊት ሳይሆን የሰው ደረት እያየሁ ነበር የምሄደው። አንዴ የኳስ ቡድኑን ባጅ ያደረገ ሰው አስቁሜ "ያ ዓይን የኔ ነው" ስለው፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ዓይኖቼን ቆጠረና "ታዲያ የጎደለህ የታለ?" አለኝ። ያን ሰው እንኳ አልተቀየምኩትም። በሕይወቴ ያልተቀየምኩበት ዘመን ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ የነርሶቹ ትእዛዝ መጣ። የዓመቱ ትልቁ ሥራችን እሱ ነበር፤ ከነርስ ትምህርት ቤቱ ለሚመረቁት ሁሉ ባጅ፣ በሰማያዊ መደብ ላይ ቅጠል የያዘች ነጭ እርግብ። የምታዝዘው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ናት፣ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላት። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ስትገባ ሞረዱን እንኳ ዝም የምታሰኝ ሴት ናት። እኔ በኪሷ መርፌ ይዛ የምትዞር ይመስለኝ ስለነበር ጠረኗ ሲመጣ ከመጋረጃው ኋላ እገባለሁ። ያን ዕለት ከኋላ ሆኜ የሰማኋት ያለፈውን ዓመት ባጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስትናገር ነው። እርግቧ የሞተች ትመስላለች አለች፤ ቀለሙ ጥሩ፣ ወርቁ ጥሩ፣ እርግቧ ግን በድን። በነርስ ደረት ላይ የሞተ ነገር አይደረግም። ዘንድሮም እንደዚያው ከሆነ ሌላ ከተማ ያለ ሠሪ እንደምታናግር፣ ይህንንም የምትለው አባቴን ስለምታከብር እንደሆነ ነገረችው።

እሷ ስትወጣ አባቴ ለአክስቴ፣ "ይቺ ከሄደች ፕሬሱን መሸጥ ነው" አላት። ፕሬሱ ሲሸጥ ቤቱ "ድም" ማለት ሲያቆም ታየኝ።

አባቴ ብረቱን እንደ አዲስ ቀረጸው። ክንፏን ከፍ አደረገ፣ አንገቷን አዞረ፣ የዓይኗን ጉድጓድ ሰፋ አደረገው። እኔን ጠርቶም ጭኑ ላይ አስቀመጠኝና ቅርጹን አሳየኝ። የሞተች የሚያስመስላት ዓይኗ ይመስለኛል፣ ዘንድሮ ደህና ዓይን ያስፈልጋታል አለኝ። የፕሬሱ ነገር እንግዲህ በኔ እጅ ወደቀ ማለት ነው። ለብዙ ቀን ስሞላ ምላሴን ነክሼ ነበር፤ እስኪያመኝ።

ርክክቡ ያለበት ቀን ጠዋት አክስቴ ጉንጯ እንደ ዳቦ አብጦ ተነሳች። ጥርሷ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትቃትት አድራ ጥርስ ነቃዩ ዘንድ ሄደች፤ ስትወጣ ሻርቧን ከአገጯ እስከ አናቷ አስራ፣ ለአባቴ አንድ ነገር ልትለው ሞከረች፣ ግን ከአፏ የወጣው ቃል አልነበረም። የሌላው ቀለም እሳት ሁሉ አልቆ የቀረው የዓይኑ ብቻ ነበር። ዓይን የሞላሁባቸው እርግቦች ሁሉ ጨርቅ ተሸፍነው መደርደሪያዋ ላይ ነበሩ። ሞረዱ ደረቅ መሆናቸውን አየና ወደ ምድጃው አቀበለ። አባቴም ተቀብሎ ከተተ።

ምድጃ ሲከፈት ማየት የሚያስደስተኝን ያህል የሚያስደስተኝ ነገር አልነበረም። ሙቀቱ ቅንድብ ይለበልባል። ባጆቹ ሲወጡ ሁሉም አንድ ናቸው፤ የጋለ ብረት። ነጩ ቢጫ ነው፣ ሰማያዊው ጥቁር ነው፣ ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ቀስ በቀስ ሲቀዘቅዙ ትንሽ ትንሽ እየተንጣጡ እያንዳንዱ ቀለም ወደ ስሙ ይመለሳል። ያን ዕለትም ሰማያዊው ተመለሰ፣ ነጩ ተመለሰ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆነ። ዓይናቸው ግን አልተመለሰም። ሁሉም እርግቦች፣ አንዷም ሳትቀር፣ ባዶ ጉድጓድ ይዘው ወጡ።

አባቴ በአጉሊ መነጽሩ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። ወደ አክስቴ መደርደሪያ ዞሮ አየ። ከዚያ ወደኔ። ያቺ እይታው እስካሁን አለችኝ። ሞረዱ ተጠግቶ እሳቱ ምን ነካው አለ፤ አባቴም "በዛብኝ" አለው። ሞረዱ፣ "ጋሼ፣ ዓይን ዓይን ብቻ እየመረጠ የሚበላ እሳት ዛሬ አየሁ" ሲለው አባቴ ዝም ብለህ ፍጭ ብሎት ዞረ።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ ምላሴን እየነከስኩ የሞላሁትን ዓይን አባቴ አቃጠለብኝ።

አሁን እንደገና ጥቁር ሊሞላ ነው ብዬ ስጠብቅ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ። የምድጃው ቀይ ሆድ ቀስ በቀስ ጠቆረ። አባቴ ለሰዓት ያህል ምድጃውን ሲያይ ቆየ፤ መብራቱ አልመጣም። ከዚያ ተነስቶ ሽርጡን አጠበቀና፣ ያለ ዓይናቸው እንዲፈጩ አዘዘ። ሞረዱ በውሃና በድንጋይ ፈጨ። አባቴ ባጆቹን አሲድ ነክሮ አወጣና በመስኮቱ ብርሃን ሥር ተቀመጠ። የዶለዶመ መርፌ ይዞ በእያንዳንዷ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ እያዞረ ታችኛውን መዳብ ይፍቅ ጀመር። ከበሩ ሥር ሆኜ አየዋለሁ። ያቃጠለው አልበቃው ብሎ የተረፈችውን የኔን ጥቁር እየጎረጎረ የሚያወጣ ነበር የመሰለኝ። በመርፌ የወፍ ዓይን የሚያወጣ አባት። አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

ወርቁን በመኪና ባትሪ ነበር የሚቀባው፣ ለሱ መብራት አያስፈልገውም። ባጁ ወርቅ ካለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ወርቁ መስታወት አይነካም፣ የተገለጠውን መዳብ ሁሉ ግን ይለብሰዋል። ግድግዳውንም፣ ጠርዙንም። ያን ዕለት ደግሞ የዓይኑን ጉድጓድ። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ እኔ አኩርፌ ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ ስለነበር አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ የሲስተር ጫማ ቋ ቋ እያለ ገባ። በመጋረጃው ቀዳዳ የሚታየኝ የቀሚሷ ጫፍና የአባቴ እጅ ብቻ ነው። ሳጥኑ ተከፈተ።  ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ከዚያ በዚያ መርፌ በመሰለ ድምፅዋ፣

"ይህን ዓይን የሠራው ማነው?" አለች።

 ሞረዱ ድንጋዩን አስቀመጠ፤ ሲያስቀምጠው ሰማሁ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ልጄ ነው" አላት።

ልጄ ነው። ያቃጠለው እሱ፣ የጎረጎረው እሱ፣ ፕሬሱ ሊሸጥ ሲሆን ግን ልጄ ነው። ሞረዱ ሳቀ። ሲስተር "ጥሩልኝ እስቲ" ስትል ስሰማ መርፌው ወደኔ መምጣቱ ነውና በጓሮ በር ወጥቼ ከውሃ ጋኑ ኋላ ገባሁ። ሲጠሩኝ ሰማሁ፤ የአባቴ ድምፅ ከመንገድ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ መንገድ። አልወጣሁም።

ያገኘችኝ አክስቴ ናት። ጥርሷ ተነቅሎ አፏ ጥጥ ሞልቶት ነበር። ሲስተር ልትወጋኝ እንደሆነ፣ አባቴ እንዳሳበቀብኝ በለቅሶ ነገርኳት። እሷም በጥጡ መሀል "ምም፣ ምምም" እያለች ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እያጽናናችኝ ይሁን እየሳቀችብኝ እስካሁን አላውቅም። በማግስቱ አፏ ሲድን፣ ነገሩን የረሳሁት መስሏት ይሆናል፣ አላነሳችውም። ለነሱ ያለቀ ነገር ነበር። ባጆቹ ተወስደዋል፤ ቤቱም "ድም" ይላል።

እኔም ይቅር ልላቸው ዳር ዳር እያልኩ ሳለ ነው ሌላው የመጣው። የሚቀጥለው ሥራ ደረሰ፣ አውራ ዶሮዎቹ። ብሩሼን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሳህን አልመጣም። አክስቴን "ዓይኑስ?" አልኳት። እሷም ቀና ሳትል፣ "ከእንግዲህ ዓይን አይሞላም፣ የኔ ጌታ። ውጣና ተጫወት" አለችኝ።

ተባረርኩ ማለት ነው። ብሩሼን ለሁለት ሰብሬ ምድጃው አጠገብ ጣልኩት። ከዚያ ወዲያ ወደ ጠረጴዛው አልቀረብኩም። ስጎረምስ አባቴ አንድ ሁለቴ ና ቅርጽ ላስተምርህ፣ ሙያ ነው አለኝ፤ ሥራ የሚጀመረው በተባረሩበት ቤት አይደለም ብዬ መለስኩለት፤ ያን ጊዜ ትልቅ ንግግር መስሎኝ ነበር። እሱም አልገፋኝም፣ የሚገፋ ሰው አልነበረም። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ወርክሾፑ አባቴ እስከሞተ ድረስ ሠራ። ከነርሶቹ እርግብ አንዷን ራሱ ኮቱ ላይ እንዳደረጋት ነው የኖረው። ሞረዱ "ሲስተር እንዴት አደሩ?" እያለ በየጠዋቱ ቢቀልድበትም አላወለቃትም። በሙያው የሚኩራራ ነበር የሚመስለኝ። ተጠግቼ አይቻት አላውቅም፤ ኩርፊያ አያስጠጋም።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወር ሲቀረኝ፣ አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ሴት አውቶቡሴ ላይ ወጡ። የሾፌር ወንበር ከፍታ የሰው ደረት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ከፊታቸው በፊት ባጃቸውን አየሁ። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ እርግብ። ዓይኗ ወርቅ ነበረች። ጉድጓዷ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ገብቶባት፣ ሴትየዋ ቲኬታቸውን ሲፈልጉ ዓይኗ ከወዲያ ወዲህ ትንቀሳቀሳለች። ወደኔም አየች።

 እንደ ምንም፣ "እናቴ፣ ይቺ እርግብ ዓይኗ…" አልኩ።

"ቆንጆ ናት አይደል?" አሉኝ። ከኋላዬ ካለው ወንበር ተቀምጠው እስኪወርዱ ድረስ ሳይጠየቁ ነገሩኝ። ከሳቸው በፊት የተመረቁት ባለ ጥቁር ዓይን ናቸው፣ ከሳቸው ጀምሮ ያሉት ባለ ወርቅ ዓይን፤ ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱ ወገን ሲተራረብ ነው የኖረው። በምረቃቸው ቀን ሲስተር በገዛ እጇ እየሰካች ለእያንዳንዳቸው፣ "ያችኛዋ በድን ነበረች፤ ይቺ ታያለች" ብላቸዋለች። የሠራው የባጅ ሠሪው ትንሽ ልጅ ነው ብላም ነግራቸዋለች።

መውረጃቸውን አሳለፍኳቸው። አልተቆጡም፤ "ሾፌሩ፣ አንተ ደግሞ የምታይ አይመስለኝም" ብለው ሳቁብኝ።

እሑድ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ጥርሶቿ ሁሉ ያን የመጀመሪያውን ተከትለው ሄደዋል፣ ምላሷ ግን ሙሉ ነው። ሻይ ቀዳሁላት፣ ዳቦ ነክሬ ሰጠኋት፤ ከዚያ ያችን ቀን አነሳሁ። አባቴ ያቃጠለውን ዓይን በኔ ያሳበበበትን ቀን ስላት ሻይዋን አስቀመጠች።

"ማን አቃጠለ? ከሰል ነበራ" አለች።

"ምኑ?"

"ስትሞላው የነበረው። ከሰል ወቅጬ በውሃ ነበር የምሰጥህ። አንተ ወጣ ስትል በብሩሽ አጥቤ እውነተኛውን ጥቁር እሞላበታለሁ። የእርግቦቹን ሁሉንም ባንዴ ላጥብ አቆይቼ፣ የዚያን ቀን ጥርሴ አዋረደኝና ሳላጥበው እሳት ገባ። ከሰል እሳት ውስጥ ምን ይቀረዋል?"

ሞረዱ ከሰሉን አያውቅም ነበር፣ ቢያውቅ ዕድሜ ልኬን ይፍቀኝ ስለነበር ደብቀውታል። አባቴ ያውቃል። ጉድጓዶቹን ሲያይ፣ ከዚያ መደርደሪያውን፣ ከዚያ እኔን ሲያይ፣ የገባው ያኔ ነው። "በዛብኝ" ብሎ በራሱ ያሳበበው እኔ ሞረዱ ፊት ከሰል ሞላህ እንዳልባል ነው።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ዓሣው፣ ዶሮው፣ መንገድ ላይ ሰው አስቁሜ የኔ ነው ያልኩት ዓይን ሁሉ የአክስቴ ሊሆን ነው። አዲስ ባጅ ለመሰካት የኮቴን ገበር ገለጥ አድርጌ ነበር። አታላችሁኛል አልኳት፤ ሥራ ሰጥታችሁኝ ሥራ ነሳችሁኝ አልኳት።

"የመስታወት ዱቄት ልመግብህ ኖሯል?" አለችኝ። "አባትህ ያን ሳል ከገበያ የገዛው መሰለህ?"

 ጠዋት ጠዋት በመጋረጃው ጀርባ የምሰማው ሳል፣ የተከፈተው መስኮት፣ በአፍንጫዋ ላይ ያሰረችው ጨርቅ፣ ስትወቅጥ ከቤት ማባረሯ፤ ሁሉም እንደ ቀዘቀዘ ባጅ ወደ ስሙ ተመለሰ።

የቀረውን ከአባቴና ከሞረዱ የሰማችውን ነገረችኝ። ሲስተር መስኮቱ ጋ ቆማ እርግቧን ስታገላብጥ አባቴ ፕሬሱን በልቡ ሸጦ ጨርሶ ነበር። ማነው የሠራው ስትለው ወዲያው ያልመለሰው ከሰል ነው እንዳይል፣ እኔ ነኝ እንዳይል፣ ሁለቱም እውነት ስላልመሰለው ነው። ልጄ ነው ሲል፣ አለ ሞረዱ፣ የሠርግ ጥሪ የሚያነብ ነበር የሚመስለው። ሲስተር የጠራችኝ ልትስመኝ ነው። ለከርሞም፣ ከከርሞ ወዲያም እንዲሁ ባዶ ይሁንልኝ አለች። እርግቧን ያየ የኳስ ቡድኑም፣ የዋና ክበቡም እንደ ሲስተር አድርግልን አሉ።

"ታዲያ ማን የሚሞላው ዓይን ቀረና ነው ሳህን የምሰጥህ?" አለችኝ አክስቴ። "ልንገረው ስለው አባትህ፣ 'ዓይን ሠሪነቱን አትንጠቂው' ብሎ አስማለኝ። አንተ ደግሞ ባለ ኩርፊያ። ዓይን ሠሪ ሆኛለሁ ብሎ ኮርቶ ነው ብለን ተውንህ።" በድዷ ሳቀች። "ያ ሞረዱ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እያለ። ያችን አንዲቷን ነው ያቦካኸው፤ ስንት ዓመት እንደበላናት።"

ከሳጥኗ የአባቴን እርግብ አውጥታ ሰጠችኝ። የጠርዙ ወርቅ በጣቱ ተልጦ መዳቡ ታይቷል፤ የዓይኗ ግን ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ማንም ጣት አልደረሰበትም፣ እንደ አዲስ ነው።

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ጠዋት ጠዋት አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ግቢ በር ላይ ሻይ እጠጣለሁ። ባጇን ከኮቴ ደረት ላይ ነው ያደረግኋት፣ ከውጭ። ወጣቶቹ ሾፌሮች የነርስ ባጅ መሆኗን ከደረሱበት ወዲህ ዕረፍት የለኝም። "ሲስተር፣ ዛሬ መርፌ አለ?" ይለኛል አንዱ። ሌላው ክንዱን ገልጦ ይሰጠኛል። ጸሐፊውም ሲያልፍ ሰምቶ ሳቀ፤ ስሜን እንኳ በቅጡ የማያውቀው ያው ጸሐፊ።

ሻዬን እየጠጣሁ እስቲ ልቀየም ብዬ ሞከርኩ፤ የኮቴን ገበር ዳበስኩ፣ ቦታም አለ። ፀሐይዋ ግን እርግቧ ዓይን ውስጥ ገብታ ነበርና ተውኩት፤ ክንዱን የሰጠኝን ልጅ ቆንጥጬ፣ "አለቀ፣ አላመመህም" አልኩት።